የሹሙ እህት እንቅልፍ

ታንኳዋ ከገባሩ ወጥታ ሰፊው የማሪንጋ ወንዝ ላይ ስትደርስ ቦሉምቡ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጎን ተዘንብላ ውኃ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት። ከኋላዋ ቆሞ የሚቀዝፈው የአጎቷ ልጅ ቦቱሊ በጉልበቱ ደገፍ አደረጋት፤ መቅዘፉን ግን አላቋረጠም። ለአዞ ቁርስ ልትሆኚ ነው ወይ ሲል ቀለደባት። ሌሎቹ ሦስት ቀዛፊዎች ሳቁ። እሷም ለመሳቅ ሞከረች፤ ፊቷ ግን የሌላ ሰው ፊት ይመስል አልታዘዛት አለ።

ሹም ሎምቦቶ አልሳቀም። ከዘንባባ ቅጠል በተሠራው ጥላ ሥር፣ በታጣፊ ወንበሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ እህቱ አድርጎ ተቀምጧል። መንግሥት የሰጠው ኒሻን በሰማያዊ ኮቱ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ጭኑ ላይ እንቅልፍ የሚያባርረውን የኮላ ፍሬ የያዘች ከረጢት አለች፤ ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ አንዱን ፍሬ አኝኮ ሳይጨርስ ሌላውን ወደ አፉ ይልካል።

«እትዬ» አላት፤ «ለምን ትታገይዋለሽ? ተኚ። ዛሬ እኔ እጠብቅሻለሁ።»

ቦሉምቡ ቀና ብላ አየችው። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

ሎምቦቶ የእናቷ ልጅ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። በጎማው ዘመን፣ ፈረንጆች ሰዉን በጠመንጃ የዱር ጎማ በሚያስለቅሙበት ጊዜ፣ ወታደሮቹ መንደሩን የከበቡ ዕለት እናታቸው እዚያው ቀረች። ቦሉምቡ የሰባት ዓመት ወንድሟን አዝላ ረግረጉ ውስጥ ገባች። ሲተኛ የሚያንኮራፋ ልጅ ነበርና ስምንት ቀን ሙሉ፣ እሱ በተኛ ቁጥር፣ መዳፏን አፉ ላይ ጋርዳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ባል አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ልጇ እሱ ነበር። መንግሥት ከሽማግሌዎቹ ሁሉ አልፎ እሱን በሾመ ጊዜ፣ ሰውነቱ ላይ የሰፋውን ኮት ጎንና ጎኑን ይዛ በልኩ ያስተካከለችለት እሷ ናት።

በሽታው የጀመረው ባለፈው ዝናብ ነው። መጀመሪያ ትኩሳትና ራስ ምታት ሆነ። ቀጥሎ ጠባዩ ተለወጠ፤ ሚስቱን ያልተናገረችውን ተናግረሻል ብሎ ገጀራ ይዞ ስላሳደዳት ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቀንና ሌሊቱ ተገላበጡበት። ሌሊት ይነሣል፤ ከሞተ አባታቸው ጋር ይጣላል፤ የሚነድ እንጨት ይዞ በግቢው ውስጥ ይዞራል። ቀን ደግሞ ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ሰው እየተሟገተ ያንጎላጃል። የበሽታውን ስም በዚያ ወንዝ ላይ የማያውቅ አልነበረም። ቦሉምቡ ግን ለራሷም ቢሆን ስሙን አልጠራችም። ሌሊት ሌሊት በርጩማዋን ደጁ ላይ አጋድማ ትቀመጣለች፤ ሊወጣ ሲል እጁን ይዛ ትመልሰዋለች፤ ቀን ደግሞ በሸንጎው በግራው ትቀመጥና አገጩ መውደቅ ሲጀምር በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች።

ጠዋት ሲነሣ ምንም የማያስታውስ ይመስላል። እዚህ ደጅ ላይ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ ይጠይቃታል። ሙቀቱ አላስተኛኝ አለ ትለዋለች። ቢያንስ በራሱ አያፍርም ብላ ትጽናና ነበር።

እሷን ግን እንቅልፍ ማጣቱ እያደር በላት። የመጀመሪያው ወር ድካም ብቻ ነበር። በሁለተኛው ወር የዶማ ስም ጠፋባት፤ እጇ ላይ ይዛው፣ ምን እንደሚባል ልታገኘው አልቻለችም። ጫጩት ሞተች ብላ እስከ ቀትር አለቀሰች። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ዝም ሲሉ እሷን እያሙ መሰላት፤ ሲስቁም እንደዚያው። ከሁሉ የከፋባት የሕልሟ ነገር ነው። በእነሱ አገር ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሕልሙን ለቤተሰቡ ይናገራል፤ የሞቱ ዘመዶች የሚመክሩት በዚያ መንገድ ነው። የቦሉምቡ እናት በወር አንዴ ሁለቴ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም ነበር። እንቅልፍ ሲጠፋ እናትየውም ጠፋች። በሦስተኛው ወር ግን በቀን ብርሃን፣ ካሳቫ ስትነቅል፣ እናቷ በእርሻው ዳር ስታልፍ አየቻት። ሰላም አላለቻትም። ቦሉምቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓይኗም ማመን ተወች።

ሸክሙን የምታካፍለው ሰው አልነበራትም። ነገሩ ከተሰማ ሎምቦቶን ወደ ኢካንጋ ይወስዱታል። ኢካንጋ የእንቅልፍ በሽተኞች ሰፈር ነው፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ የተመለሰውም እዚያ የተወጋው መርፌ ዓይኑን አጥፍቶት በዱላ የሚመራ ነው። በበጋ መርማሪዎቹ መጥተው የበሽታውን ንፍፊት ፍለጋ የመንደሩን ሰው አንገት ሁሉ ሲዳስሱ፣ ሰዉን በሰልፍ ያቆመው ራሱ ሎምቦቶ ነበር። የሹም አንገት አይነካምና እሱን ማንም አልዳሰሰውም።

ከአራት ቀን በፊት ነው አጠገቧ ቁጭ ብሎ በወንዙ ታች፣ የሁለት ገባር መገናኛ ላይ፣ እንቅልፍ የምትመልስ አሮጊት አለች ያላት። የዛፍ ልጣጭ ቀቅላ ትሰጣለች፤ ያጠጣችው ሁሉ ሦስት ቀን ይተኛል አለ። እህቴ እንዲህ ስትጠወልግ እያየሁ ዝም አልልም፣ ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ አላት። ቦሉምቡ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ያለቀሰችው ስለ መድኃኒቱ አልነበረም፤ መጠውለጓን ስላየላት ነው።

አሁንም ያንኑ ፊቱን አየች። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ኮላውን ሳታስታውሰው በራሱ እየበላ ነው። አራት ቀዛፊዎች አሉ፤ ቀን ነው፤ በወንዝ መካከል ወዴትም አይሄድም። ምናልባት እየተሻለው ይሆናል ብላ አሰበች። ምንጣፉን ዘርግታ ጎኗን አሳረፈች። ራሷ ምንጣፉን ከመንካቱ በፊት እንቅልፍ ወሰዳት።

አለመችም። ረግረጉ ውስጥ ናት፤ ወንድሟ ግን እቅፏ ውስጥ የለም። አፏ ላይ መዳፍ አለ፤ የማን እንደሆነ ለማየት ራሷን ማዞር አትችልም፤ መዳፉ ኮላ ኮላ ይሸታል። እናቷ ፊት ለፊት ውኃው ጉልበቷ ድረስ ደርሶ ቆማለች። ትናገራለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ቦሉምቡ ልትጠይቃት ፈልጋ ታገለች። መዳፉ ቀስ ብሎ ከአፏ ወደ አንገቷ ወረደ።

ባነነች። ሁለት ጣቶች አንገቷን ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ይዳስሱ ነበር።

ሰውየው የአገሯ ሰው ነው፤ ካኪ ቁምጣ ለብሶ ታንኳዋ ውስጥ ተንበርክኳል። ታንኳዋ አሸዋ ላይ ቆማለች። ከሰውየው በስተጀርባ ቀይ አፈር ያለበት ዳገት፣ ከፍ ያለ አጥር፣ ረጃጅም ዳሶች ይታያሉ። በአጥሩ ውስጥ ስድስት ሰዎች አንድ ገመድ በእጃቸው ይዘው እየተከታተሉ ይሄዳሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተዋል። ዕውሮች ናቸው። የት እንዳለች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«አትፍሪ» አለ ሰውየው፤ «ኢሎንጋ እባላለሁ፤ የሐኪሙ ረዳት ነኝ። አንገትሽ ላይ ንፍፊት የለም። ደምሽንም እናያለን።»

ቦሉምቡ አልሰማችውም። ወንድሟን ትፈልግ ነበር። ዳገቱ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ትልቅ መዝገብ ከያዘው ጸሐፊ ፊት ቆሟል። ድምፁ ሸንጎ ላይ እንደሚናገርበት ጥርት ያለ ነው።

«ሌሊት ትነሣለች» ይላል፤ «ከሞተ አባታችን ጋር ትጣላለች። የሚነድ እንጨት ይዛ በግቢው ትዞራለች። አንድ ሌሊት የጎተራውን ክዳን ለኩሳ ነበር፤ እርጥብ ስለነበረ ብቻ ነው የተረፍነው። ቀን ሰው እያናገራት ትተኛለች።»

ቦሉምቡ የጎተራውን ክዳን ነገር ለማንም አልተናገረችም ነበር። እሳቱን በእጇ ያጠፋችው እሷ ናት፤ መዳፏ ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም። በዚያ ሌሊት ግቢው ውስጥ ከእሷና ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። በማግስቱ እጅሽን ምን ነካው ብሎ ጠይቋት ድስት አቃጠለኝ ስትለው፣ አይዞሽ ብሎ ቅጠል አስሮላት ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ ብሎ ሲጠይቃት፣ እያንዳንዱን ሌሊት እያስታወሰ ነበር ማለት ነው።

አልጮኸችም። ከታንኳዋ ወረደች። ቦቱሊና ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ያጥቡ ነበር፤ ቀና ብሎ ያያት የለም።

ኢሎንጋ ከጣቷ ጫፍ ደም ወስዶ በጠባብ መስታወት ላይ አደረገ፤ ከናስ በተሠራው ማጉያ አጎንብሶ ረጅም ጊዜ አየው። ምንም አላገኘም። ሌላ ጠብታ ወሰደና እንደገና አየ። ፈረንጁ ሐኪም ወደ ላይኛው መንደር ስለሄደ ነገ እስኪመለስ እዚሁ እንደምትቆይ ነገራት። የመጣችበትንም ምክንያት ሳትጠይቀው ነገራት፤ ከወር በፊት ከሹሙ ግቢ አንድ ሰው ሌሊት እሳት ይዞ ይዞራል የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበር። ወሩ ሳያልቅ በሽተኛውን ካላቀረበ ኒሻኑን እንዲመልስ መንግሥት ለሹሙ ጻፈ።

«ሹሙም አቀረበ» አለ ኢሎንጋ መስታወቱን እየጠረገ። «ከተኛሽ ስንት ሌሊት ሆነሽ?»

«ዘጠና ሁለት።»

ኢሎንጋ እጁ ቆመ። «እዚህ አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ፤ «የሚተኙት የት እንዳሉ እንኳ አያውቁም። ሌሊቱን ቆጥሮ የነገረኝ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ። ማንን ስትጠብቂ ነው?»

ቦሉምቡ የተወጋ ጣቷን በልብሷ ጠረገች። እሱም አላስጨነቃትም፤ ጥላ ሥር አረፍ በይ ብሎ ወደ ጸሐፊው ሄደ።

ዳሱ ጥላ ሥር አንዲት ዕውር ሴትዮ ቅርጫት ትሠራ ነበር። የእግር ኮቴ ሰምታ አዲስ ነሽ ወይ አለቻት፤ መልሷንም ሳትጠብቅ ቦታ ለቀቀችላት። መርፌው በሽታውን አስወጣልኝ፤ ሲወጣ ግን ዓይኔን ይዞት ሄደ ብላ ሳቀች። ማን አመጣሽ ስትላት ቦሉምቡ ወንድሜ አለች። ሴትዮዋ የቅርጫቷን አንድ ዙር ጠልፋ ጨረሰች። እኔን ባሌ ነው አለች ቆይታ፤ ዓሣ እንገዛለን ብሎኝ።

ከፊት ለፊታቸው፣ በጸሐፊው ቤት በረንዳ ላይ፣ ሎምቦቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ይጠብቃል። በሽተኛ ማስረከቡን የሚመሰክረው ወረቀት እስኪጻፍ በቅጠል የተጠቀለለ ካሳቫ አቅርበውለታል። ሁለቴ ጎረሰ። ቦሉምቡ ከሩቅ ሆና መንጋጋው ሲዘገይ አየች። የኮላው ከረጢት ባዶዋን እግሩ ሥር ወድቃለች። አገጩ ወደ ደረቱ ወረደ።

በሦስት ወር የለመደው ሰውነቷ ከአሳቧ ቀድሞ ተነሣ። ግቢውን አቋርጣ በግራው በኩል፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት በኩል፣ ተቀመጠች። ጉርሻው ገና ጉንጩ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ጎሸም ብታደርገው ይነቃል፤ ወረቀቱን ይቀበላል፤ ከመጨለሙ በፊት ወንዙ ላይ ይሆናል። ክርኗ ተነሣ።

ይነቃል፤ ከዚያስ? ደጁ ላይ የሚቀመጥለት የለም። አንድ ሌሊት የሚያቃጥለው ቤት ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ። ዝም ብትል፣ መርፌው ምናልባት ያድነዋል፤ ምናልባት ገመድ ይዘው ከሚሄዱት ጋር ያሰልፈዋል። ይህን ሁሉ አሰበች፤ ግን ይህን ስላሰበች ነው ብላ ኋላም ቢሆን ራሷን አላታለለችም። የጎተራውን ክዳን ሲናገር የነበረው ጥርት ያለ ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ክርኗን አወረደች። ከከንፈሩ ወጥቶ ኒሻኑ ላይ የወደቀውን የካሳቫ ፍርፋሪ በጣቷ ጠረገችለት፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች።

ኢሎንጋ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አገኛቸው። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ሹም ነው ሳይል፣ የኮቱን ኮሌታ ገለጥ አድርጎ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አሳረፈ። ንፍፊቶቹ እንደ ባቄላ ተደርድረዋል።

ሎምቦቶ በቁጣ ባነነ። ማን ነህ አንተ ብሎ የኢሎንጋን እጅ መታ፤ አፉ ውስጥ የቀረውን ጉርሻ ተፋ። ከዚያ አጠገቡ እህቱን አየ። ቁጣው ወዲያው ሟሸሸ።

«እትዬ፣ ንገሪው እንጂ» አለ፤ «መንገዱ አድክሞኝ ነው በይው።»

«ዘጠና ሁለት ሌሊት የጠበቅሁት እሱን ነው» አለች ቦሉምቡ፤ ለኢሎንጋ ነው የተናገረችው። «እሳት ይዞ የሚዞረውም እሱ ነው። የነገራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የቀየረው።»

ሎምቦቶ ተነሥቶ ሊሮጥ ሞከረ፤ ከደረጃው በታች ሁለት ጠባቂዎች ያዙት። ብዙም አልታገለም። ደሙ ላይ በማጉያው ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ኢሎንጋ ለቦሉምቡ ሊያሳያት ጠራት፤ አላየችም። ጸሐፊው ኒሻኑን ከአንገቱ ፈትቶ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ ሐኪሙ ተመልሶ እሷን ነፃ ናት ብሎ አሰናበታት። ዕውሯ ሴትዮ ምንጣፏን ለቃላት ነበር ያደረችው፤ ቦሉምቡ ግን ጀርባዋን ከምሰሶ ጋር አጣብቃ ቁጭ ብላ ነው ያነጋችው። ከመሄዷ በፊት ወንድምሽ ይፈልግሻል አሏት። አጥሩ ጋ ሄደች። ኮቱን ወስደውበታል፤ ባዶ ትከሻው የልጅ ትከሻ ይመስላል።

ይቅርታ ይጠይቀኛል ብላ አልጠበቀችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ኒሻኑን ከወሰዱት የመንደሩ ሽማግሌዎች እንደሚያጠፉት፣ ሚስቱም እንደማትመለስ፣ ሌላ መላ እንዳልነበረው በፍጥነት ነገራት። አንቺ ንጹሕ መሆንሽ ስለሚታወቅ በሁለት ቀን ይለቁሽ ነበር አለ። ቦሉምቡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጠዋት ጠዋት ታስታውስ ነበር?»

የአጥሩን እንጨት በጥፍሩ ላጠ። «አስታውስ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ካስታወስሁ ማመስገን ነበረብኝ። በየቀኑ እንዴት ብዬ ላመስግንሽ?»

ቦሉምቡ ለመንገዷ ከተሰጣት ካሳቫ ግማሹን በአጥሩ ክፍተት አቀበለችውና ፊቷን አዞረች። ከኋላዋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«እትዬ! ተኝተሽ ሳለ ቀስ ብላችሁ ቅዘፉ ያልኋቸው እኔ ነኝ። እህቴ ሦስት ወር አልተኛችም አልኋቸው። ይህን እንኳ እወቂልኝ።»

ወደ ወንዙ ወረደች።

ታንኳዋ ወደ ላይ፣ ወራጁን ውኃ እየተጋፋች፣ መንገድ ጀመረች። የሹሙ ወንበር ባዶውን በጥላው ሥር ቆሟል። ቀዛፊዎቹ አይዘፍኑም። ቦቱሊ ምንጣፉን ዘርግቶ ተኚ እንጂ፣ ቤት ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ አላት። የእንቅልፉ ክብደት ከአንገቷ እስከ ወገቧ ይጎትታታል፤ የወንዙ ዳር ዛፎች እየቀለጡ ውኃው ውስጥ የሚገቡ ይመስሏታል። ምንጣፉን አየችው፤ አልተቀመጠችበትም።

«ቦቱሊ» አለች፤ «እውነት ቀስ ብላችሁ ቅዘፉ ብሏችኋል?»

«ብሏል።»

«ምን ብሎ?»

«‹ሦስት ወር አልተኛችም፣ ትረፍ› ብሎ።»

ቦቱሊ አምስት ስድስት ጊዜ ቀዘፈ። ከፊት ያሉት ሦስቱ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፤ ያዳምጣሉ።

«‹ኢካንጋ ሳንደርስ እንዳትነቃብን›ም ብሏል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የትኛውን ነው አስቀድሞ ያለው?»

ቦቱሊ ከልቡ ሊያስታውስ ሞከረ፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «አብሮ ነው ያለው» አለ፤ «ባንድ ትንፋሽ።»

ቦሉምቡ ራሷን ነቀነቀች። ለአዞ ቁርስ ልትሆኚ ነው ብሎ ሲቀልድባት ወዴት እንደሚወስዳት ያውቅ እንደነበር ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ተነሥታ በታንኳዋ ጠርዝ እየተደገፈች ወደ ኋላ ሄደችና መቅዘፊያውን ከእጁ ተቀበለችው። ከፊቴ ሁን አለችው። ቦቱሊ አልተከራከረም፤ አጎንብሶ አለፋትና ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈ። አራት ጀርባ ፊቷ ተደረደረ፤ ከኋላዋ ማንም የለም። እግሮቿን አራርቃ ቆመች፤ ዓይኖቿን አሻሽታ መቅዘፍ ጀመረች።